ክትባትና ክታብ፦ ከጎጃም ከታቢዎች እስከ ቴክሳስ ኩፍኝ

ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ በሚገኘው ቤቴ ቡና እየተጠጣ ሳለ የተነሳ ክርክር ነው። ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት የሚዘጋጅ አንድ የአገሬ ሰው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ወረቀቱ በቴክሳስ ሕግ መሠረት አንድ ወላጅ "ኅሊናዬ አይፈቅድም" ብሎ ልጁን ከትምህርት ቤት ክትባት ነጻ የሚያደርግበት የቃለ መሐላ ፎርም ነው። ቀድሞ ይህን ፎርም ለማግኘት ለስቴቱ የጤና መሥሪያ ቤት ማመልከት ያስፈልግ ነበር፤ ከመስከረም 2025 ጀምሮ ግን ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ ማተም ይችላል። የቀረው ኖተሪ ፊት ቀርቦ መፈረም ብቻ ነው።

"ምነው?" አልኩት።

"እኛ ሳንከተብ አድገን የለም ወይ?" አለኝ። "ያውም በዚያ ድህነት! እዚህ ልጅን አሥሬ በመርፌ የሚወጉት ለኩባንያ ትርፍ ነው። ደግሞም ኦቲዝም ያመጣል ይላሉ።"

ቤት ውስጥ ከነበሩት ግማሾቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሱን የሰጠችው ከጎጃም ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ናት። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ክንዷ ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ አሳየችው። "ይህን የተከተብኩት አባቴ ቤት ነው፤ ሐኪምም መርፌም አልነበረም" አለች። ቀጥላም ትኩር ብላ አየችውና "ልጄ፣ እኛ አድገናል ትላለህ፤ ያላደጉትን ማን ይጠይቅልህ?" አለችው።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች በ1968 ዓ.ም. በአንድ ሳምንት ውስጥ በኩፍኝ እንደቀበረች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ያን ቀን የእናቴን ጠባሳና የወዳጄን ወረቀት ጎን ለጎን ካየሁ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የአገራችንን የክትባት ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትም ይህ ነው፦ ክትባት ፈረንጅ ትናንት ያመጣብን ባዕድ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችን ዋጋ ከፍለው ያወቁት እውቀት ነው። ይሁን እንጂ ይህ እውቀት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ አይወረስም። እያንዳንዱ ትውልድ በራሱ ደም ውስጥ እንደ አዲስ ሊጽፈው ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቃሉ ራሱ ይናገራል

እስቲ ከቃሉ እንነሳ። "ከተበ" ማለት በሴም ቋንቋዎች ዘንድ መጻፍ ማለት ነው። ዐረቦች መጽሐፍን "ኪታብ" የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው። እኛም አንገት ላይ የሚታሰረውን፣ በብራና የተጻፈውን መከላከያ "ክታብ" እንለዋለን። ያው ግስ ነው ክንድን በምላጭ ቧጥጦ የበሽታ መከላከያ ማስገባትንም "ክትባት" ያሰኘው። አንዱ በብራና ላይ ይጻፋል፤ ሌላው በሥጋ ላይ። አባቶቻችን በደም ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ ዛሬ የሚታወቀውን ያውቁ ነበር ማለቴ አይደለም። ሆኖም ቃሉ ሳይታሰብ እውነቱን መትቷል። ሰውነት የተጻፈበትን ያነባል፤ አንብቦም ያስታውሳል።

እናቴ የምትተርከው እንዲህ ነው። በመንደሩ ፈንጣጣ ገባ ሲባል የከታቢው ስም ይነሳል። ከታቢው በሽታው ቀለል ብሎ ከወጣበት ልጅ መግል ይወስድና ጤነኛውን ልጅ ክንዱን በምላጭ ቧጨር አድርጎ ይቀባዋል። ልጁ ለጥቂት ቀናት ያተኩሰዋል፤ ጥቂት ፍንጣቂ ይወጣበትና ይድናል። ዋጋው አንድ ቁና እህል ነበር። ይህ የእናቴ መንደር ብቻ ወግ አይደለም። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ተመሳሳይ የክትባት ልማድ ማየቱን ጽፎ አልፏል። ጎጃም፣ ጎንደርና ሸዋ ውስጥም ልማዱ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ዘልቋል።

ይህ እውቀት በሰፊው ዓለምም የታወቀ ነበር። የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት የነበረችው ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ በ1717 ቱርክ ውስጥ አይታው ወደ አገሯ ወሰደችው። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ያስተማረው አፍሪካዊ ነው። ኦኔሲመስ የተባለ በባርነት ቦስተን የተወሰደ ሰው አገሩ ሳለ ክንዱን ተቧጥጦ መከተቡን፣ ከዚያ ወዲህም ፈንጣጣ እንደማይዘው ለጌታው ለቄስ ኮተን ማዘር ነገረው። በ1721 ቦስተን ላይ ፈንጣጣ ሲነሳ ማዘርና ዛብዲኤል ቦይልስተን የተባለ ሐኪም ይህን ምክር ተከትለው ወደ 250 የሚጠጋ ሰው ከተቡ። በዚያ ወረርሽኝ በተለመደው መንገድ ከታመሙት ወደ 6,000 ከሚጠጉ ሰዎች 844ቱ ሞቱ። ከተከተቡት የሞቱት ግን 6 ነበሩ። ክትባት የነጭ ሰው ተንኮል ነው ለምትሉ ወገኖቼ፣ አሜሪካ ክትባትን የተማረችው ከአንድ አፍሪካዊ ባሪያ አፍ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

መቼም እውነቱን መሸሸግ አይገባምና የዚህ የጥንቱ ዘዴ ጉድለትም ይነገር። በመግል የሚሰጠው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለሆነ አንዳንዱ የተከተበ ሰው ይሞት ነበር። ከዚያም የከፋው የተከተበው ሰው ለጎረቤቱ ማስተላለፉ ነው። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ከላም በሚገኝ ቀላል በሽታ የከተበው ይህን አደጋ ለማስወገድ ነው። የላሙ ክትባት በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአውሮፓ ሐኪሞች እጅ አገራችን ገባ። ነገር ግን መድኃኒቱ ሙቀት ስለማይችል፣ መንገዱም በበቅሎ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ ገጠር ሳይደርስ ይበላሽ ነበር። ስለዚህም እናቴ በተወለደችበት በ1940ዎቹ ዓ.ም. እንኳ ለመንደሯ የደረሰላት ምላጭ የያዘው ከታቢ እንጂ የመንግሥት ጤና ሠራተኛ አልነበረም።

የደም ውሃ ምን ይዟል?

ለመሆኑ ያ የተቧጠጠ ክንድ ሰውን እንዴት ያድናል? መልሱ መገኘት የጀመረው በ1890 በርሊን ውስጥ ነው። ኤሚል ፎን ቤሪንግ የተባለ ጀርመናዊና ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ የተባለ ጃፓናዊ እንስሳትን በመንጋጋ ቆልፍና በዲፍቴሪያ መርዝ ጥቂት በጥቂት አለማመዷቸው። ከዚያም ደማቸውን ቀድተው አረጉት። ደም ሲረጋ ከላይ የሚንሳፈፍ ቢጫማ ውሃ አለ፤ ሐኪሞች ሴረም ይሉታል። ይህን ውሃ ላልተለማመደ እንስሳ ሲወጉት እርሱም ከበሽታው ተረፈ። እንግዲያው መከላከያው ያለው በዚያ ውሃ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቤሪንግ ለዚህ ሥራው በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በውሃው ውስጥ ያለው ነገር ዛሬ አንቲቦዲ ይባላል፤ በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል የሚሉትም አሉ። ሁለት ክንድ እንዳለው እንደ "ዋይ" ፊደል ቅርጽ ያለ ፕሮቲን ነው። ክንዶቹ ጫፍ ላይ ያለው ቅርጽ ከአንድ የተወሰነ ጀርም ጋር ልክ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ይገጥማል። ክትባቱ የሞተ፣ የተዳከመ ወይም የተቆራረሰ ጀርም ወደ ሰውነት ሲያስገባ፣ ቅርጹ የሚገጥመው ነጭ የደም ሕዋስ ይነቃና ይራባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይጂኤም የተባለው ችኩል አንቲቦዲ ይወጣል። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ አይጂጂ የተባለው የበሰለው ይተካዋል። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን አይሞቱም። ገሚሶቹ አጥንት መቅኔ ውስጥ ተቀምጠው አንቲቦዲ ማምረታቸውን ይቀጥላሉ። ገሚሶቹ ደግሞ የቀድሞው ጠላት እስኪመለስ ይጠብቃሉ፤ ሲመለስም በሳምንታት ፋንታ በጥቂት ቀናት ይደርሱበታል።

እኔን እንደ መሐንዲስ ያስገረመኝ ይህ ነው። አንድ የአይጂጂ አንቲቦዲ ደም ውስጥ የሚቆየው በአማካይ ሦስት ሳምንት ያህል ነው። እናቴ የተከተበችው ግን ከሰባ ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ደሟ ውስጥ ያለው የድሮው አንቲቦዲ አይደለም፤ ፋብሪካው ነው ያልተዘጋው። በ2003 ኦሪገን ውስጥ የተደረገ ጥናት ከ25 እስከ 75 ዓመት በፊት የፈንጣጣ ክትባት ከወሰዱ ሰዎች መካከል ከአሥሩ ዘጠኙ ዛሬም መከላከያው እንዳላቸው አሳይቷል። በአንጻሩ የመንጋጋ ቆልፍ አንቲቦዲ በየ11 ዓመቱ ገደማ በግማሽ እንደሚቀንስ ተለክቷል። ሐኪሞች በየአሥር ዓመቱ ድገሙት የሚሉን በዘፈቀደ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በራሴም አይቼዋለሁ። አሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ስጠይቅ የክትባት ካርድ አምጣ ተባልኩ። እኔ የተወለድኩት አገር አቀፉ የክትባት ፕሮግራም በ1980 ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ስለነበር በመንደራችን ካርድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሐኪሙም "ችግር የለም፣ ደምህ ይናገራል" ብሎ አንድ ብልቃጥ ቀዳ። ላቦራቶሪው ሴረሙን በእጥፍ በእጥፍ እያቀጠነ፣ እስከ ስንተኛው ድረስ ጀርሙን እንደሚይዝ ሊለካ ይችላል፤ ልኬቱም ቲተር ይባላል። ውጤቱ ሲመጣ የኩፍኝ አንቲቦዲ አለህ ተባልኩ። ኩፍኝ በሕፃንነቴ ይዞኝ ነበር። እህቴንና ወንድሜን የወሰደው በሽታ እኔ ላይ የጻፈው ፊርማ ከሃያ ዓመት በኋላ ቴክሳስ ውስጥ ተነበበ።

ዳላስ ከተማ ራሷ የሴረምን ሥራ በዓይኗ አይታለች። በ2014 ኢቦላ እዚህ ሲገባ ኒና ፋም የተባለች ነርስ በሽተኛ ስታስታምም ተያዘች። ላይቤሪያ ውስጥ በዚሁ በሽታ ተይዞ የዳነው፣ ፎርት ወርዝ የሠለጠነው ሐኪም ኬንት ብራንትሊ የደሙን ውሃ ለገሳት። እርሱ ራሱ ታሞ ሳለ አንድ እርሱ ያከመው የ14 ዓመት የላይቤሪያ ልጅ ደም ሰጥቶት ነበር። ሌላም መድኃኒት አብሮ ስለተሰጠ ያዳናት ይህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ከአፍሪካዊ ብላቴና ወደ ነጭ ሐኪም፣ ከእርሱም ወደ ቬትናማዊት ዝርያ ነርስ የተሻገረው ውሃ ዘርም ዜግነትም አልጠየቀም።

የኦሞ ሸለቆ ምስክርነት

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ከኢትዮጵያ የወጣን ሁሉ አንዲት ቢጫ ካርድ እናውቃለን። የቢጫ ወባ መከተባችንን የምታሳይ ከፓስፖርታችን ጋር ያስያዙን ካርድ ናት። ከጀርባዋ ያለውን ታሪክ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞና በዲዴሳ ሸለቆዎች አካባቢ፣ በአፍሪካ ከታወቁት ሁሉ የከፋው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሳ። ከ100,000 በላይ ሰው ታሞ ወደ 30,000 የሚጠጋ እንደሞተ ይገመታል። ክትባቱ ግን አዲስ አልነበረም። ማክስ ታይለር በ1937 አዘጋጅቶት በ1951 ኖቤል ተሸልሞበታል። አንድ ጊዜ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ እንደሚበቃም የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 አረጋግጧል። ያ ሁሉ ሰው ያለቀው መድኃኒት ጠፍቶ ሳይሆን ወደ መንደሩ ሳይደርስ ቀርቶ ነው።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ባለሙያዎች ወደ ሸለቆዎቹ ወርደው የሰው ደም ሰበሰቡ። ሴረም በዚህ ጊዜ የሚያገለግለው እንደ መዝገብ ነው። ሰው ታሞ እንደነበር ባይናገር እንኳ ደሙ ይናገራልና። በዚያ ዘመን ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ሴረሙን ከቫይረሱ ጋር ቀላቅሎ አይጥ መውጋት ነበር፤ አይጧ ከተረፈች የደሙ ባለቤት መከላከያ አለው ማለት ነው። እንዲህ እየተባለ በሽታው የት የት እንዳለፈ በካርታ ላይ ተሰመረ፤ ሕዝቡም በብዛት ተከተበ። በ1966 ቢጫ ወባ እንደገና ሲነሳ የመታው ከተከተበው ቀጠና ውጪ የነበረውን የአባያ ሐይቅ አካባቢ፣ የአርባ ምንጭን አቅራቢያ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሠርት ዓመታት ዝም አለ። እኛም ረሳነው። የተከተቡት አርጅተው ያልተከተቡ ልጆች ሲበዙ ግን በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 በጉራጌ ተመልሶ መጣ። ደኑም፣ ትንኙም፣ ዝንጀሮውም ያው የድሮው ነው። የተለወጠው የሰዉ ደም ነው።

ደም እንደ መዝገብ የማገልገሉ ነገር በቅርቡም ታይቷል። በኮቪድ ጊዜ በአገራችን በይፋ የተመዘገበው በሽተኛ ጥቂት ስለነበር ብዙዎች "እኛን አይነካንም" ብለው ነበር። የአዲስ አበባ የሆስፒታል ሠራተኞች ሴረም ሲመረመር በነሐሴ 2020 አንቲቦዲ የተገኘበት 10.9 ከመቶ ነበር፤ በየካቲት 2021 ግን 53.7 ከመቶ ደረሰ። አፍ የካደውን ደም መሰከረ።

ዲሞ፦ የመጨረሻዋ ሕፃን

ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ነው። በዚያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ በሽተኛ ተመዘገበ። ዓለም ከፈንጣጣ ልትገላገል ጥቂት አገሮች ሲቀሯት እኛ ከመጨረሻዎቹ መካከል ነበርን። በዚህ ጊዜ ግን መሣሪያው ተሻሽሎ ነበር። ክትባቱ እንደ ዱቄት ደርቆ ሙቀት የሚችል ሆኗል። መርፌውም ጫፉ እንደ ሹካ ሁለት የሆነ፣ በጥቂት ደቂቃ ማንም ሊለማመደው የሚችል ነው። ስልቱም ሁሉን ሰው ከመከተብ ይልቅ በሽተኛውን ፈልጎ አግኝቶ በዙሪያው ያለውን ሰው መከተብ ሆነ። እንደ ሰደድ እሳት ዙሪያውን መመንጠር ማለት ነው።

ሠራተኞቹ ኢትዮጵያውያንና ከብዙ አገር የመጡ ፈቃደኞች ነበሩ። በእግር፣ በበቅሎ፣ በላንድሮቨር፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ዞሩ። መካከል ላይ የ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፣ ረሃብ ነበረ፣ በየቦታው ጠመንጃ ይተኮስ ነበር። ዘመቻው ግን አልቆመም። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ያስቸገራቸው የእኛው ከታቢ ነው። ሕዝቡ "እኛ የራሳችን ክትባት አለን" ብሎ እንግዳውን አልቀበልም ይላል፤ የድሮው ከታቢ ደግሞ በእውነተኛው ፈንጣጣ ስለሚከትብ በሽታው ጠፋ በተባለበት አገር እንደገና ይቀሰቅሰዋል። ትናንት ሕይወት ያተረፈ ጥበብ የተሻለ ሲመጣ ቦታውን ካለቀቀ እንቅፋት ይሆናል። ይህን የምጽፈው የእናቴን ከታቢ ለመውቀስ አይደለም። እርሱ ባይኖር እኔም አልኖርም ነበር ይሆናል።

በኢትዮጵያ የመጨረሻዋ በሽተኛ በባሌ ክፍለ ሀገር፣ በኤል ከሬ በረሃ፣ ዲሞ በተባለች መንደር የተገኘች የሦስት ዓመት ሕፃን ናት። ስሟ አሚና ሳላት ይባላል። ቀኑ ነሐሴ 9 ቀን 1976 ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ወር የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ የዓለም በሽተኛ ሶማሊያ ውስጥ መርካ ላይ ተገኘ። ግንቦት 8 ቀን 1980 ዓለም ከፈንጣጣ ነጻ መሆኗ በይፋ ታወጀ። በ20ኛው ምእተ ዓመት ብቻ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው የፈጀ በሽታ ነው። ለመጥፋቱ የአገራችን በረሃና ተራራ፣ የአገራችን ልጆችም እግር ድርሻ አላቸው። በጦርነትና በረሃብ ስማችን ሲነሳ የምናፍር ሁሉ በዚህ ልንኮራ በተገባን ነበር። ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ደብተሩን የሚያጠፋ በሽታ

እንግዲህ ወደ ጋርላንዱ ጠረጴዛ እንመለስ። የወዳጄ ልጅ እንድትከተብ ከተጠየቀችው ውስጥ አንዱ የኩፍኝ ነው። ኩፍኝ ከሚታወቁት ተላላፊ በሽታዎች ሁሉ ፈጣን ነው። አንድ በሽተኛ መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ይይዛል። ስለዚህም ለማስቆም ከመቶው 95ቱ መከላከያ ሊኖራቸው ይገባል።

የኩፍኝ ክፋት ግን በዚህ አያበቃም። በ2019 በወጣ ጥናት፣ ኔዘርላንድ ውስጥ 77 ያልተከተቡ ሕፃናት ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና በኋላ የተቀዳ ደማቸው ተመረመረ። በሽታው ቀድሞ ከነበሯቸው የልዩ ልዩ በሽታ አንቲቦዲዎች መካከል ከ11 እስከ 73 ከመቶ የሚሆነውን አጥፍቶባቸው ተገኘ። ልጁ ከኩፍኝ ቢድንም የሳንባ ምችና የተቅማጥ መከላከያው ተፍቆ እንደ አዲስ ይጀምራል ማለት ነው። ሰውነት የጻፈውን ደብተር የሚያቃጥል በሽታ ነው። እናቴ "ኩፍኙስ ለቅቋቸው ነበር፤ የገደላቸው ተከትሎ የመጣው ነው" የምትለው ነገር የገባኝ ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው። ክትባቱ ግን የኩፍኙን ገጽ ይጽፋል እንጂ ሌላውን አይፍቅም።

"ኦቲዝም ያመጣል" የሚለው ወሬ ምንጩ በ1998 እንግሊዝ አገር በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የወጣ ጽሑፍ ነው። ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል፤ ጸሐፊውም የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ግንኙነት አላገኙም። ወሬው ግን ስደተኛውን አልለቀቀም። በ2017 ሚኒሶታ ውስጥ 75 ሰዎች ኩፍኝ ሲይዛቸው አብዛኞቹ ይኸው ወሬ የደረሳቸው የሶማሊ ጎረቤቶቻችን ልጆች ነበሩ።

እኛም ዘንድ ሩቅ አይደለም። በጥር 2025 መጨረሻ በምዕራብ ቴክሳስ ጌንስ ካውንቲ የተነሳው ኩፍኝ እስከ ነሐሴ ድረስ 762 ሰው ይዟል፤ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ልጆች ናቸው። ሁለት ለትምህርት የደረሱ ሕፃናት ሞተዋል፤ ሁለቱም አልተከተቡም ነበር። በሀብታሙ አሜሪካ፣ ሆስፒታሉ ሁሉ ባለበት አገር ነው ይህ የሆነው። አሜሪካ ኩፍኝን አስወግጃለሁ ያለችው በ2000 ነበር። ያስወገደችው ደግሞ አየሩን ለውጣ አይደለም፤ የልጆቿን ደም አስጽፋ ነው።

"ልጄ ጤነኛ ናት፣ ጥሩ ትበላለች" ይባል ይሆናል። እናት በእርግዝና ጊዜ የራሷን አንቲቦዲ በእትብት በኩል ለልጇ ታሻግራለች፤ ኢትዮጵያም በ2017 የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን የመንጋጋ ቆልፍ ያስወገደችው እናቶችን ከትባ በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ይህ ስንቅ በወራት ውስጥ ያልቃል። አገር ቤት የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ እዚህ ደግሞ ከ12 ወር ጀምሮ የሚሰጠውም የእናቱ አንቲቦዲ ሲሳሳ የልጁ ራሱ እንዲጽፍ ነው። ኢትዮጵያ በ2019 ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር መስጠት የጀመረችው በመጀመሪያው ያልያዘላቸው ልጆች እንዳይቀሩ ብላ ነው። እዚያ ያለችው እናት ልጇን አዝላ ለዚህ ክትባት ሰዓታት ትጓዛለች። እኛ እዚህ በመኪና አሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ ፎርም አውርደን እንፈርማለን።

የወዳጄን ጥርጣሬ አልንቅም። ክትባት ትኩሳት ያመጣል፤ አልፎ አልፎም ከዚያ የባሰ ጉዳት አለው። ኩባንያዎችም ትርፍ ይፈልጋሉ። ቋንቋውን በቅጡ በማናውቀው አገር፣ ሐኪሙ ቸኩሎ በሚያናግረን ቦታ፣ የሚጠራጠር ወላጅ ልጁን የሚወድ ወላጅ ነው። ግን ጥርጣሬ ወደ ጥያቄ እንጂ ወደ ፊርማ መቸኮል የለበትም። ካርድ የጠፋበት ሰው ደሙን ያስመርምር፤ ወይም ይድገመው፤ ሁለተኛ መከተብ አይጎዳም። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በእድር ውስጥ ያሉ ነርሶቻችንና ሐኪሞቻችን ደግሞ በእሑድ አንድ ሰዓት ሰጥተው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ቢያስረዱን ምን ነበረበት?

ያን ቀን ወዳጄ ሲወጣ ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። አልፈረመውም፤ አልቀደደውምም። በሩ ላይ ወደ እናቴ ዞሮ "እማማ፣ ስንት ዓመታቸው ነበር?" አላት።

"ታላቁ አራት፣ ታናሿ ሁለት" አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

በማግስቱ ማታ ስልክ ደወለልኝ፤ አንቲቦዲ የሚለካበት የደም ምርመራ ለትልቅ ሰውም ይደረግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይደረጋል አልኩት። መጀመሪያ የራሱን ደም ሊያስነብብ ነው መሰለኝ።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ቸር ይግጠመን።